ተኝቼ ያነበብኳቸው ሁለት ሴቶች

ሁለተኛው እርግዝናዬ ስድስተኛ ወሩን ሲይዝ ሐኪሙ አልጋ ላይ እንድውል አዘዘኝ። ከሚሴ ላይ አስተማሪ ነበርኩ፤ ክፍል መግባቱም፣ ገበያ መውጣቱም፣ ውሃ መቅዳቱም በአንድ ቃል ቀረ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ልጄ ስምንተኛ ወሩ ላይ ሆዴ ውስጥ ዝም ብሎ ቀርቶብኛል። አንድ ቀን ማለዳ መራገጡን አቆመ፤ እኔም «ተኝቶ ይሆናል» እያልኩ እስከ ማታ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። ስለዚህ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሥራዬ አንድ ብቻ ሆነ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ሲራገጥ ትንሽ እተነፍሳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ የሚቀጥለውን መጠበቅ እጀምራለሁ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያን ሰሞን ወደ ጅቡቲ ወርዶ ነበር። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ብዙ ቀን ይጠፋል። የት እንዳደረ፣ በልቶ ይሁን ሳይበላ፣ የማውቀው ነገር የለም። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ስለሆነ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። መኪና የማያልፍበት ቀን ግን ይብሳል። አስፋልቱ ጭር ሲል ሱቆቹም በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፤ ሰዉ ከየደጁ ወጥቶ ወደ ላይና ወደ ታች ያያል፤ የሚያየው ግን የለም።

ደሴ ያለችው እህቴ ስልኩ በሠራበት አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«ጣሪያ አያለሁ» አልኳት።

«በይ መጻሕፍት ልልክልሽ ነው። ለእርጉዝ የሚሆን እንዳይመስልሽ፤ ሰው የሚሞትበት ነው።»

ሳቅ አልመጣልኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አንድ የሚኒባስ ሹፌር በፌስታል የታሰሩ ስስ መጻሕፍት አምጥቶ ሰጠኝ። ወረቀታቸው ወደ ቢጫ ያደላ፣ ጥራዛቸው የላላ፣ ብዙ እጅ ያለፈባቸው ናቸው። ተከታታይ የምርመራ ታሪክ ነው፤ ዘመኑም ደሴ ላይ መኪና ሲያልፍ ሰው እየሮጠ የሚያይበት፣ ነገር ያለበት ሰው ባላባት ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ነው። መርማሪዎቹ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት፤ ወይዛዝርቱን ለመለካት ከየቤቱ ትገባለች። ሌላዋ ከቆላ ጨው እያስጫነች ገበያ ለገበያ የምትዞር ሙስሊም ነጋዴ ናት። ሰፊዋ የማታየው ጓዳ የለም፤ ነጋዴዋ የማይደርሳት ወሬ የለም። አንዷ ያየችውንና ሌላዋ የሰማችውን ቁጭ ብለው ሲያጋጥሙት ነፍሰ ገዳዩ ይወጣል። ሰፊዋ ፈሪ፣ ቀስ የምትል፣ ነገር የምታብሰለስል ናት። ነጋዴዋ ቁጡና ቀልደኛ ናት። በየመጽሐፉ ይኳረፋሉ፣ በየመጽሐፉ ይታረቃሉ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስጀምር እጄ ሆዴ ላይ ነበር። ከጥቂት ገጽ በኋላ ለካ ሁለቱንም እጆቼን መጽሐፉ ላይ አድርጌያለሁ። ደንግጬ አንዱን ወደ ሆዴ መለስኩ፤ ልጁ ይራገጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠብቀው ተራገጠ። እንዲህ ያለ እረፍት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ይመስለኛል የእኔ ፍርሃት መልክ ስላልነበረው ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የሚያስፈራው ግን ሰው ነው፣ እጅና እግር አለው፣ ይያዛል።

የምንኖረው የአከራያችን ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ልጆቻቸው ተድረው የወጡ፣ ከግቢው ፊት ለፊት ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። በልጅነታቸው ቁርአን እንጂ የአማርኛ ፊደል አልተማሩም። ከተኛሁበት ዕለት ጀምሮ ጠዋት ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት፣ ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ ሲበርድ፣ በሬን ገፋ አድርገው ይገባሉ።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? ልጁስ?»

«ይራገጣል እትዬ።»

«አልሃምዱሊላህ። አብሽሪ እንግዲህ» ብለው ዳንቴላቸውን ይዘው ከአልጋዬ ግርጌ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ሳነብ አዩኝ። «ምንድን ነው እንዲህ የመሰጠሽ?» አሉኝ። የሁለቱን ሴቶች ነገር ነገርኳቸው። ዳንቴላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ሴት? መርማሪ? በንጉሡ ጊዜ?»

«ልብ ወለድ ነው እትዬ።»

«እኮ አንብቢው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ብቻዬን አንብቤ አላውቅም። ሳይመጡ ልቀጥል ስል ገርበብ ያለው በር ላይ ድምፃቸው ይመጣል፤ «ያለ እኔ ገለጥሽው?» ይሉኛል። ማታ እንዳላነብ ደግሞ «ዓይንሽን አድክሚ ብሎሻል ሐኪሙ?» እያሉ መጽሐፉን ይዘው ይሄዱ ነበር። እውነቱ ግን እንዳልቀድማቸው ነው።

ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ ጎተራው ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ወንድሙ እያለቀሰ ይመጣና፣ ወንድሜ የሞተ ረቡዕ ዕለት እኔ ባቲ ገበያ በቅሎ እየሸጥኩ ነበር ይላል። አከራዬ ክሩን ያዝ አደረጉት።

«የት ነበርኩ አለ?»

«ባቲ ገበያ።»

«ቀኑስ?»

«ረቡዕ።»

«ወላሂ ዋሸ! የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አባቴ ሰኞ ሰኞ ነበር ይዞኝ የሚወርደው።»

«እትዬ፣ የድሮ ዘመን ነው እኮ። ደራሲውም ተሳስቶ ይሆናል።»

«ደራሲው ተሳስቶ ከሆነ ከዚህ ወዲያ አልሰማሽም። ሰውዬው ዋሽቶ ከሆነ ግን ገዳዩ እሱ ነው። ዱብሲ፣ አንብቢ!»

አነበብኩ። ብዙ ሳንሄድ ጨው ነጋዴዋ ሰፊዋ ቤት ዘው ብላ ገብታ ያንኑ ነገር ተናገረችው፤ ረቡዕ ቀን ባቲ ላይ በቅሎ የሚሸጠው ለማን ነው ብላ ሳቀች። አከራዬ ዳንቴላቸውን ወርውረው እልል አሉ። እልልታው ያስደነገጠው ይሁን፣ ልጁ ሆዴን በሁለት በኩል ገፋው። ሁለታችንም አየነው፤ ቀሚሴ ላይ ጉብ ብሎ ተመለሰ። «ልጁም ሰማን እኮ!» ብለው እጃቸውን አኖሩበት።

ስለ ሁለቱ ሴቶች ግን አንስማማም ነበር። እኔ ነጋዴዋን እወዳለሁ፤ ሌሊት በረሃ ላይ ብቻዋን ስታድር የማይነቃነቅ ልብ አላት። እሳቸው ሰፊዋን ነው የሚወዱት።

«እሷ እኮ ጥላዋን ትፈራለች» አልኳቸው።

«ትፈራለች። እየፈራች ግን ትሄዳለች። ያቺኛዋማ ካልፈራች ምን ደከማት?»

አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ጨፋ ሮቢት በኩል ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ ራቅ ያለ፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ። መንገዱ ላይ ሰው ሲሮጥ፣ የሱቅ በር በሰንሰለት ሲታሰር ሰማን። አከራዬ ሮጠው የግቢውን በር ቆልፈው ተመለሱና ከአልጋዬ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ ያን ቀን መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሆዴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። መሮጥ ቢመጣ አልችልም፤ ምጥ ቢመጣ የት እሄዳለሁ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩ። አከራዬ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል። ሲጨርሱ መጽሐፉን አንስተው ደረቴ ላይ አስቀመጡት።

«ዱብሲ» አሉ፤ «ጮክ ብለሽ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩ። አንዳንዱን መስመር ሁለቴ አነባለሁ፤ እሳቸው ግን አላረሙኝም። ተኩሱ ጋብ ሲል ሰፊዋ የአንድ ወይዘሮን እጅጌ እየለካች ነበር። ምን እንዳነበብኩ በኋላ ስጠየቅ አላስታወስኩም። አከራዬም አላስታወሱም። ምዕራፉን በማግሥቱ ደገምነው።

ስምንተኛው ወር ገባ። የፈራሁት ወር እሱ ነው። አራተኛውን መጽሐፍ እያነበብን ነበር፤ አንዲት ሙሽራ የተመረዘችበት፣ ከሁሉም የሚያጓጓው። ያን ቀን ከተነሳሁ ጀምሮ ራሴን ይወቅረኛል። እንቅልፍ ስላጣሁ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከሰዓት አከራዬ መጥተው ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ገለጥኩ። ፊደሎቹ አልቆም አሉኝ። መስመሩ ሁለት ይሆናል፤ በመካከሉ እንደ እሳት ፍንጣሪ ያለ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። ዓይኔን አሸሁ።

«ምነው?» አሉኝ።

«የዚህ ገጽ ኅትመቱ ደብዛዛ ነው።»

ከእጄ ተቀብለውኝ በሩ ጋ ሄዱ፤ ገጹን ፀሐይ ላይ አድርገው አዩት። ፊደሉን ባያነቡትም ቀለሙን ማየት አያቅታቸውም።

«ጥቁሩ እንደ ትናንቱ ነው» አሉ። ተመልሰው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «ማል ታቴ፣ ኢንተላ? ምን ሆንሽ ልጄ? ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እግሬን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳብኩ። እግሬ ካበጠ ሰንብቷል፤ እርጉዝ ሁሉ ያብጣል ብዬ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቴም፣ ጣቶቼም አብጠዋል። ክትትል ስሄድ የነገሩኝን ምልክት ረስቼው አልነበረም። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ካለ ቶሎ ነይ ብለውኛል። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን ሆስፒታል ከገባሁ ያንን የልብ ምት መስሚያ መሣሪያ ሆዴ ላይ ያደርጉታል፤ ካደረጉት በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ እንደሆነው ነርሷ ዝም ትላለች።

«ልጁ እየተራገጠ ነው እትዬ። ምዕራፉን እንጨርስና እንሄዳለን። ገዳዩ ሊያዝ ነው።»

«ገዳዩ የትም አይሄድ፤ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ነው። ተነሺ!»

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግረውኝ አያውቁም። ነጠላዬን ራሳቸው አለበሱኝ። ከአስፋልቱ ባጃጅ አቁመው፣ ሹፌሩን «እንቁላል እንደጫንክ ሆነህ ንዳ» ብለው፣ ጭንቅላቴን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ወሰዱኝ።

ነርሷ ግፊቴን ለካች። ምንም አላለችም። መለኪያውን ፈትታ በሌላው እጄ እንደገና ለካች። አሁንም ምንም አላለችም። የአከራዬን እጅ ጨመቅኩት። አንዲት ወጣት ሐኪም መጥታ መሣሪያውን ሆዴ ላይ ስታደርግ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የመጣው የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ግን ፈረስ ሲጋልብ የሚመስለው የልብ ምት መጣ። አከራዬ «ያ ረቢ» ብለው አለቀሱ። እኔ ማልቀስም ፈራሁ።

«ልጁ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ። «አንቺ ግን ደህና አይደለሽም። ግፊትሽ በጣም ወጥቷል። የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሳይመጣ መውለድ አለብሽ። ልጁ ጊዜው ስላልደረሰ ደግሞ ማሞቂያ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ደሴ ነው የምንልክሽ።»

«መንገዱስ?»

«እየጠየቅን ነው።»

የሚያቃጥል መርፌ ወጉኝና በግራ ጎኔ አስተኙኝ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ሐርቡ ላይ መኪና ቆሟል የሚል አለ፤ የለም ተከፍቷል የሚልም አለ። የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ የየራሱን ወሬ ይዞ ነው። ክፍሉ ውስጥ መብራቱ ዓይኔን ስለሚወጋኝ በነጠላ ሸፈኑኝ። ጨለማው ውስጥ ሆኜ ሁለት ነገር ብቻ አሰብኩ። ባለቤቴ የት እንዳለሁ አያውቅም። ልጁ ደግሞ፣ መርፌው አስተኝቶት ነው መሰለኝ፣ መራገጡን ቀነስ አድርጓል።

«እትዬ፣ የሆነ ነገር ያውሩኝ።»

«ምን ላውራሽ?»

«እንጃ። መጽሐፉን።»

«እኔ መቼ አነባለሁ?»

«ከየት ጋ እንዳቆምን ያውቃሉ።»

ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሰፊዋ የሙሽራዋን ቀሚስ አጥባ ስታሰጣ ጠርዙ ላይ እድፍ አየች አሉኝ፤ ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ነጋዴዋ እድፉን አሽትታ፣ ይህን ቅጠል የማውቀው ቆላ ነው አለች። ሁለቱም በቅሎ ጭነው ከደሴ ወረዱ። ኮምቦልቻን አለፉ፣ ሐርቡን አለፉ። «ቦርከና ሞልቶ አገኙት» አሉ አከራዬ፤ «ሰፊዋ ውሃ ትፈራለች፤ ነጋዴዋ ግን እጇን ይዛ፣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ እኔን እያየሽ ተራመጂ አለቻት።» እጄን ይዘውኝ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ተሻገሩ። ሁለት ሰው ተያይዞ ነው ወንዝ የሚሻገረው።»

አምቡላንሱ መጣ። ሱቃቸው ክፍት እንደሆነ፣ የለበሱት የቤት ልብስ እንደሆነ ብነግራቸውም አብረውኝ ገቡ። ሐርቡ ላይ ቆምን። ሹፌሩ ወርዶ ከታጠቁት ሰዎች ጋር ሲነጋገር ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይሰማኝም። አንዱ በሩን ከፍቶ አየን፤ አከራዬም አዩት። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ተነሳ። እስከ ደሴ ድረስ አከራዬ ታሪኩን አላቋረጡም። ሁለቱን ሴቶች ገበያ አስገቡ፣ አስወጡ፣ አጣሉ፣ አስታረቁ። የዳገቱ መጠምዘዣ ላይ ሲያስመልሰኝ እንኳ በአንድ እጃቸው ግንባሬን ይዘው «ሰፊዋም እንደዚሁ መንገድ አይስማማትም» አሉኝ።

ደሴ እንደደረስኩ ቀዶ ክፍል አስገቡኝ። የማስታውሰው ብርዱን ነው፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። «ማርያም ማርያም» እያልኩ ነበር። ከወገቤ በታች ምንም አይሰማኝም፤ ከመጋረጃው ማዶ የብረት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ አልኩ። ቀጥሎ ግን ቀጭን፣ የተቆጣ፣ የድመት ግልገል የመሰለ ልቅሶ መጣ።

«ሴት ናት» አለ አንዱ።

ሳላያት ማሞቂያ ክፍል ወሰዷት። በመስታወት ያየኋት በማግሥቱ ነው። እጇ ከጣቴ አይበልጥም፤ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። ጭንቀቱ አለቀ ብዬ ነበር፤ ገና መጀመሩ ነው። ነርሷ በር ላይ በመጣች ቁጥር ፊቷን ነው የማየው። አከራዬ ወደ ከሚሴ አልተመለሱም። እህቴ ቤት እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት ሾርባ ይዘው ይመጣሉ። ልጅቷን ደረቴ ላይ አድርጌ እንዳቅፋት ሲፈቅዱልኝ የልብሴን ቁልፍ የፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።

እህቴ ያቋረጥነውን መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ፈልጋ እዚያው አመጣችልኝ። የሙሽራዋን ገዳይ ደረስንበት፤ አክስቷ ነበረች። አከራዬ ቅር አላቸው። የእሳቸው ታሪክ ላይ ገዳዩ ሌላ ነው፤ ወንዙን የተሻገሩትም እሱን ፍለጋ ነው። «የኔ ይሻል ነበር» አሉ፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ባለቤቴ የመጣው ልጅቷ ቱቦው በወጣላት ሰሞን ነው። ሚሌ ላይ ከሌሎች መኪኖች ጋር ታግዶ ቆይቶ፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሬውን ከአንድ ሹፌር ሰማ። ክፍሉ በር ላይ አቧራ እንደለበሰ ቆመ፤ መግባት ፈራ።

«አላችሁ?» አለ።

«አለን» አልኩት።

ወደ ከሚሴ የተመለስነው መንገዱ ጥቂት ቀን ሰላም ሆኖ በዋለ ጊዜ ነው። ባለቤቴ መኪናውን ሊያስጠግን ኮምቦልቻ ስለቀረ እኔና አከራዬ ሚኒባስ ተሳፈርን። ልጅቷን አቅፈው የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ቁስሌ ገና ስላልደረቀ። አንዱ ኬላ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ለፍተሻ ውረድ ተባለ። ሰዉ ወረደ። አከራዬ አልተንቀሳቀሱም። አንድ ወጣት ወታደር በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገባ።

«እናት፣ ሁሉም ሰው ይወርዳል።»

«ይችኛዋ ተኝታለች። ከወረድኩ ትነቃለች። አንተ ና ግባና ፈትሸን።»

ወታደሩ ገባ። ብርድ ልብሱን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አሳዩት። ጎንበስ ብሎ አያት፤ ብዙ ጊዜ አያት።

«ትንሽ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ትንሽ ናት፤ ግን መጥታለች» አሉት።

ወርዶ ለጓደኞቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ፍተሻው ሲያልቅ ሰዉ አንድ በአንድ ተመለሰ፤ የሚኒባሱን በር የዘጋው ያው ወታደር ነበር፣ ቀስ አድርጎ። ልጅቷ አልነቃችም።